ማኅበሩ ከሁሉ አስቀድሞ ምን ይጠይቅ? የመንግሥት ከፍተኛ ትምህርትን የሚመለከት ምላሽ

ጥያቄ፦ በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መምህር ስሆን በሠራተኞች ማኅበራችን የፖሊሲ ሰነድ አርቃቂ ኮሚቴ ውስጥ እሠራለሁ። ከየትምህርት ክፍሉ የተሰበሰቡት ጥያቄዎች ከሃያ በላይ ሆነዋል፤ ደመወዝ፣ የበጀት ጭማሪ፣ የተማሪ ክፍያ መቅረት፣ የአካዳሚክ ነፃነት፣ የኮንትራት መምህራን ጉዳይ፣ ጡረታ፣ የኦንላይን ትምህርት፣ ሌላም ሌላም። አብዛኛው አባል ደመወዝ ይቅደም ይላል። የትኛውን እናስቀድም? በምን መሠረት? ሰነዱስ እንዴት ቢጻፍ ሰሚ ያገኛል?

ምላሽ፦ ከመልሱ ልጀምርና ምክንያቱን ቀጥዬ ላስረዳ። ማኅበራችሁ በፖሊሲ ሰነዱ ከሁሉ በፊት ሊያስቀምጠው የሚገባው የሥራ ዋስትና ነው፤ ይኸውም በቋሚነት የሚያስፈልግ ሥራ በቋሚ ቅጥር እንዲሠራ የሚጠይቅ አንቀጽ ነው። የበጀት ጥያቄው ሁለተኛ ይሁን፤ ሲጻፍም ለብቻው የቆመ የገንዘብ ጥያቄ ሆኖ ሳይሆን ይህንን ቋሚ ቅጥር የሚያስችል መሣሪያ ሆኖ ይጻፍ። የአካዳሚክ ነፃነትና በተቋሙ አስተዳደር ውስጥ የሚኖር ድምፅ ከመጀመሪያው ጥያቄ የማይነጠሉ ናቸው። የተማሪ ክፍያ በጥንቃቄ የሚያዝ ሦስተኛ ጉዳይ ነው። ደመወዝን ግን፣ አብዛኛው አባል ቅር ቢሰኝም፣ ከዚህ ሰነድ አውጥታችሁ ወደ ድርድር ጠረጴዛ ብትወስዱት ይሻላል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደመወዝ ይውጣ ማለቴ ጉዳዩ ቀላል ነው ለማለት አይደለም። ጥያቄዎችን በቅደም ተከተል ከመደርደር በፊት እያንዳንዱ ጥያቄ የሚቀርበው ለማን እንደሆነ መለየት ይገባል፤ ብዙ የማኅበራት ሰነድ ከንቱ የሚቀረውም ይህ ሥራ ስለሚዘለል ነው። ከሃያዎቹ ጥያቄዎች ከፊሎቹ ከአሠሪው ጋር በሚደረግ የኅብረት ድርድር የሚፈቱ ናቸው፤ ደመወዝ፣ የሥራ ሰዓት፣ የማስተማር ጫና፣ የዕረፍትና የሕክምና ጥቅማ ጥቅም ከዚህ ይመደባሉ። ከፊሎቹ የሕግ አውጪውንና በጀት የሚመድበውን መሥሪያ ቤት ውሳኔ የሚሹ ናቸው፤ የተቋማት የገንዘብ አመዳደብ ቀመር፣ የተማሪ ክፍያና የጡረታ ሕግ እንዲህ ያሉ ናቸው። ሌሎቹ ደግሞ በሴኔትና በትምህርት ክፍል ጉባኤ ሊያልቁ የሚችሉ የውስጥ አሠራር ጉዳዮች ናቸው። ለሦስቱም በአንድ ቋንቋ የተጻፈ ሰነድ ለሦስቱም አይሆንም። ሚኒስትሩ «ይህ የዩኒቨርሲቲው ጉዳይ ነው» ይላል፤ ፕሬዚዳንቱ «ይህ የሚኒስቴሩ ሥልጣን ነው» ይላል፤ ሁለቱም ከፊል እውነት ይዘዋልና ማኅበሩ መልስ ያጣል።

እዚህ ላይ አንድ የሕግ ነጥብ ልጨምር፤ ምክንያቱም በድርድር ጊዜ መነሣቱ አይቀርም። የዓለም የሥራ ድርጅት የመደራጀት ነፃነትን የሚመለከተውን ቁጥር 87 ስምምነት በ1948፣ የመደራጀትና የኅብረት ድርድር መብትን የሚመለከተውን ቁጥር 98 ስምምነት ደግሞ በ1949 አጽድቋል። ሁለተኛው ስምምነት በመንግሥት አስተዳደር ሥራ ላይ የተሰማሩ የመንግሥት ሠራተኞችን እንደማይመለከት በራሱ ስለሚናገር፣ አሠሪዎች «መምህራን የመንግሥት ሠራተኞች ናችሁ፤ ስለዚህ መደራደር አትችሉም» የሚል ክርክር ያነሣሉ። የድርጅቱ የቁጥጥር አካላት ግን ይህንን አልተቀበሉትም፤ መምህር የመንግሥትን አስተዳደራዊ ሥልጣን የሚሠራ ባለሥልጣን ስላልሆነ የኅብረት ድርድር መብቱ የተጠበቀ ነው የሚል አቋም በተደጋጋሚ ይዘዋል። በ1978 የጸደቀው ቁጥር 151 ስምምነት ደግሞ በመንግሥት አገልግሎት ውስጥ የሥራ ሁኔታ በድርድር ወይም በሌላ የሠራተኛ ተሳትፎ ባለበት መንገድ እንዲወሰን ይጠይቃል። የአገራችሁ መንግሥት ከእነዚህ የትኞቹን እንዳጸደቀ አስቀድማችሁ አጣሩ፤ የደመወዙ ክርክር በዚያ ላይ ይመሠረታል፤ በፖሊሲ ሰነዱ ውስጥ ግን ከአንድ አጭር አንቀጽ በላይ ቦታ አይፈልግም።

አሁን ወደ ዋናው ልመለስ። የሥራ ዋስትናን ያስቀደምሁት ለኮንትራት ባልደረቦች አዝኜ አይደለም፤ ማዘኑ ተገቢ ቢሆንም። በከፍተኛ ትምህርት ውስጥ ሌሎቹ ጥያቄዎች ሁሉ የሚጸኑትም የሚፈርሱትም በእርሱ ላይ ስለሆነ ነው። በየሴሚስተሩ ውሉ የሚታደስለትን መምህር አሠራር እንመልከት። ውሉ የሚታደሰው በትምህርት ክፍል ኃላፊው ፈቃድ፣ ብዙ ጊዜም ተማሪዎች በሚሞሉት የግምገማ ቅጽ ውጤት ነው፤ ስለዚህ ፈተናውን በሚገባው ክብደት ማውጣትም ሆነ ለደካማ ሥራ ዝቅተኛ ውጤት መስጠት መተዳደሪያውን አደጋ ላይ ይጥልበታል። የምርምር ርእስ ሲመርጥ ዓመታት የሚፈጀውን ትቶ በውሉ ዕድሜ ውስጥ ሊታተም የሚችለውን ይይዛል። ሥርዓተ ትምህርቱ ሲከለስ ሐሳብ አይሰጥም፤ በሚቀጥለው ዓመት መኖሩን አያውቅምና። የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያማክራቸው ተማሪዎች በመካከል ያለ አማካሪ ይቀራሉ። በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ተነሥቶ አመራሩን መተቸትማ ጨርሶ የማይታሰብ ነው። እንግዲህ የትምህርት ጥራት፣ የምርምር ጥልቀት፣ የአካዳሚክ ነፃነትና የማኅበሩ የራሱ ጥንካሬ በአንድ የቅጥር ውል ዓይነት ላይ ተንጠልጥለው እናገኛቸዋለን።

ይህ የእኔ ብቻ አስተያየት አይደለም። ዩኔስኮ በኅዳር 1997 ባካሄደው ጠቅላላ ጉባኤ የከፍተኛ ትምህርት መምህራንን ደረጃ የሚመለከት የውሳኔ ሐሳብ አጽድቋል፤ የሰነዱ 45ኛ አንቀጽ ቋሚ ቅጥርን ወይም በተግባር እርሱን የሚተካ ሥርዓትን ለአካዳሚክ ነፃነትና በዘፈቀደ ከሚወሰን ውሳኔ ለመጠበቅ ከሚያገለግሉት ዋና ዋና ዋስትናዎች እንደ አንዱ ይቆጥረዋል። ቀጥሎ ያለው አንቀጽ ደግሞ መምህር ሊሰናበት የሚገባው ከሙያው ጋር በተያያዘ ምክንያትና ሥርዓቱን በጠበቀ ሂደት ብቻ መሆኑን ይደነግጋል። ሰነዱ እንደ ስምምነት የሚፈረምና የሚጸድቅ ባለመሆኑ በፍርድ ቤት አስገዳጅነት የለውም። ሆኖም የዓለም የሥራ ድርጅትና ዩኔስኮ በጋራ ያቋቋሙት የባለሙያዎች ኮሚቴ አፈጻጸሙን ይከታተላል፤ ከመምህራን ማኅበራት የሚቀርቡ አቤቱታዎችንም ይመረምራል። በሰነዳችሁ ውስጥ ስትጠቅሱት ከሚገባው በላይ ጉልበት አትስጡት፤ መንግሥታት ራሳቸው ድምፅ የሰጡበት መመዘኛ ነው ማለት በቂ ነው።

ከሌላው ዓለም የምንማረው ትልቁ ነገር የሥራ ዋስትና እንዴት እንደሚጠፋ ነው። በአሜሪካ የዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰሮች ማኅበር ከኮሌጆች ማኅበር ጋር በ1940 ባወጣው የጋራ መግለጫ የሙከራ ጊዜ ከሰባት ዓመት እንዳይበልጥ፣ ከዚያ በኋላ መምህሩ ያለ በቂ ምክንያት እንዳይሰናበት መርሕ ተቀመጠ። ይህንን መርሕ ማንም በአዋጅ አልሻረውም። የሆነው ነገር፣ ቋሚ መምህር ጡረታ ሲወጣ መደቡ ክፍት ይቀራል፤ የሚያስተምራቸው ኮርሶች በኮንትራት ይሸፈናሉ፤ በሚቀጥለው ዓመት መደቡ ከመዋቅሩ ይሰረዛል። ያው የፕሮፌሰሮች ማኅበር እንደሚገልጸው በ1987 ቋሚነት በሌለው ቅጥር ይሠሩ የነበሩት የአገሪቱ መምህራን 47 በመቶ ያህል ሲሆኑ በ2021 ወደ 68 በመቶ ደርሰዋል። ተቃውሞ ሳይነሣ፣ ማንም ሳይባረር፣ ሚዛኑ ተገለበጠ። ስለዚህ «ያሉት ቋሚ ሠራተኞች አይነኩ» የሚል ጥያቄ ብቻውን ምንም አይጠብቅም፤ መጠበቅ ያለበት ሰውየው ብቻ ሳይሆን መደቡም ጭምር ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ከጀርመን ይገኛል። እዚያ በ2007 የወጣው የሳይንስ ዘርፍ የጊዜያዊ ቅጥር ሕግ ተመራማሪ በጊዜያዊ ውል ሊቀጠር የሚችልበትን ጊዜ በመሠረቱ ከዶክትሬት በፊት ስድስት ዓመት፣ ከዶክትሬት በኋላ ስድስት ዓመት አድርጎ ገደበው፤ በሕክምና ዘርፍ ሁለተኛው ምዕራፍ እስከ ዘጠኝ ዓመት ይደርሳል። ሐሳቡ ሰዎች ዕድሜያቸውን በሙሉ በጊዜያዊ ውል እንዳይቆዩ ነበር። ነገር ግን ጣሪያው ሲደርስ ወደ ቋሚነት ማዛወር ግዴታ ስላልሆነ፣ ብዙዎች ጊዜያቸው ሲያልቅ ቋሚ መደብ በማግኘት ፈንታ ከዩኒቨርሲቲ ወጡ፤ ሕጉም ለዓመታት የተመራማሪዎች ቅሬታ ዒላማ ሆኖ ቆየ። ጣሪያ ያለ መዛወሪያ አንቀጽ የመባረሪያ ቀን ከመሆን አያልፍም። በረቂቃችሁ ውስጥ «ከዚህ ዓመት በላይ በኮንትራት አይቀጠር» የሚል ዓረፍተ ነገር ካለ ዛሬውኑ ተመልከቱት።

ታዲያ አንቀጹ እንዴት ይጻፍ? እኔ ብሆን መነሻውን ሥራው ላይ አደርገዋለሁ። አንድ ኮርስ በተከታታይ ዓመታት ከተሰጠ ቋሚ ፍላጎት መኖሩ ተረጋግጧልና ቋሚ መደብ ይከፈትለት፤ መደቡ ሲከፈትም ኮርሱን ሲያስተምር የቆየው ሰው ብቃቱ በሙያ ባልደረቦቹ ተመዝኖ ቅድሚያ ያግኝ። ጊዜያዊ ቅጥር የሚፈቀድባቸው ምክንያቶች በጽሑፍ ይዘርዘሩ፤ ለትምህርት የሄደን፣ በወሊድ ፈቃድ ወይም በሕመም ላይ ያለን መምህር መተካት፣ ጊዜው የተወሰነ የምርምር ፕሮጀክት፣ ከሌላ ሙያ ለአንድ ኮርስ የሚመጣ ባለሙያ፤ ከዚህ ውጭ ያለው ሁሉ ማብራሪያ ይጠየቅበት። የኮንትራት መምህር ክፍያ ክፍል ውስጥ የቆመበትን ሰዓት ብቻ ሳይሆን ዝግጅትን፣ እርማትንና ተማሪ ማማከርን በሚያካትት ስሌት ከቋሚው ጋር የተመጣጠነ ይሁን። ይህ የመጨረሻው ከሌሎቹ የበለጠ ኃይል አለው፤ ኮንትራት ርካሽ መሆኑ ሲያበቃ አሠሪው ኮንትራትን የሚመርጥበት ዋና ምክንያትም አብሮ ያበቃልና።

ተቃውሞው አይቀርም፤ ቋሚነት ሰነፉን ይከላከላል የሚል ነው። ይህንን ተቃውሞ በንቀት ማለፍ አይገባም፤ ተማሪዎችም ግብር ከፋዩም የሚያነሡት ነውና። መልሱ ማኅበሩ ራሱ የስንብት ሥርዓቱን በሰነዱ ውስጥ መጻፉ ነው፤ የሙከራ ጊዜው ምን ያህል እንደሆነ፣ ግምገማው በማን እንደሚካሄድ፣ ድክመት የታየበት መምህር የማሻሻያ ጊዜ እንዴት እንደሚሰጠው፣ ካልተሻሻለ ማን እንደሚወስንና ይግባኙ የት እንደሚቀርብ ይገለጽ። ሥራውን የማይሠራን ሰው ሁሉ የሚከላከል ማኅበር በሚቀጥለው የበጀት ክርክር ጊዜ አጋር አያገኝም።

በዚሁ ርእስ ሥር አብዛኛውን ጊዜ የሚረሱትን ላስታውስ። የላቦራቶሪ ቴክኒሻኑ፣ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዋ፣ የሬጅስትራር ሠራተኛው፣ የጽዳትና የጥበቃ ሠራተኞች የዩኒቨርሲቲው አካል ናቸው፤ በብዙ አገሮችም አገልግሎታቸው ለውጭ ድርጅት ሲሰጥ መጀመሪያ ዋስትናቸውን ያጡት እነርሱ ነበሩ። ማኅበራችሁ የመምህራን ብቻ ከሆነ እንኳ ስለ እነርሱ የሚናገር አንቀጽ ይኑረው። ላቦራቶሪው ያለ ቴክኒሻን ሲዘጋ የሚስተጓጎለው የመምህሩ ኮርስ ነው።

በጀትን በሚመለከት «መንግሥት ለከፍተኛ ትምህርት የሚሰጠውን ገንዘብ ይጨምር» የሚለው ዓረፍተ ነገር በየትኛውም አገር የማኅበራት ሰነድ ውስጥ ይገኛል፤ የትኛውም የበጀት ኃላፊ አንብቦ ያልፈዋል። ጥያቄው ሦስት ነገሮችን መለየት አለበት። የመጀመሪያው የካፒታልና የመደበኛ በጀት ልዩነት ነው። ሕንፃ ተመርቆ ሪባን ይቆረጥበታል፤ ለሰላሳ ዓመት በውስጡ የሚያስተምር ሰው ደመወዝ ግን አይመረቅም፤ ፖለቲከኛ የትኛውን እንደሚወድ ለመገመት ብዙ መመራመር አያስፈልግም። ስለዚህ ማኅበሩ አዲስ ግንባታ በሚጸድቅበት ጊዜ ሁሉ የሚያስከትለው የመደበኛ ወጪና የቋሚ መደብ ቁጥር አብሮ እንዲጸድቅ ይጠይቅ። ሁለተኛው በነፍስ ወከፍ የሚሰላው ድርሻ ነው። ጠቅላላ በጀቱ በየዓመቱ እየጨመረ የተማሪው ቁጥር ከዚያ በፈጠነ መጠን ካደገና ዋጋ ከናረ፣ ለአንድ ተማሪ የሚውለው ገንዘብ በእውነተኛ ዋጋው ቀንሷል ማለት ነው። መንግሥት ሁልጊዜ የሚያነበው የመጀመሪያውን ቁጥር ነው፤ ማኅበሩ የሚያነበው ሁለተኛውን መሆን አለበት። ሦስተኛው የገንዘቡ ባሕርይ ነው። በውድድር የሚገኝ፣ ለሁለትና ለሦስት ዓመት ብቻ የሚዘልቅ የፕሮጀክት ገንዘብ ድርሻው በጨመረ ቁጥር የሚያመጣው ቅጥርም የሁለትና የሦስት ዓመት ይሆናል። የበጀቱ ዓይነት የውሉን ዓይነት ይወልዳል፤ ሁለቱን ጥያቄዎች አብራችሁ እንድትጽፉ የመከርሁትም ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ የበጀት መሥሪያ ቤቱ ሰዎች «ዩኒቨርሲቲዎች ወጪያቸው በየጊዜው ይጨምራል፤ ምርታማነታቸው ግን አይጨምርም» ይላሉ። ለዚህ ከኢኮኖሚ ሳይንስ የተሰጠ ጥሩ መልስ አለ። ዊሊያም ባውሞልና የሥራ ባልደረባው ዊሊያም ቦወን በ1960ዎቹ ባቀረቡት ትንታኔ መሠረት፣ በፋብሪካ ውስጥ ማሽን የአንድን ሠራተኛ ምርት ሲያባዛ ደመወዝ በአጠቃላይ ኢኮኖሚው ውስጥ ከፍ ይላል፤ የሰው ጊዜ ራሱ አገልግሎቱ በሆነባቸው ሥራዎች ግን ምርቱን በዚያው መጠን ማባዛት ስለማይቻል አንጻራዊ ወጪያቸው ይጨምራል። የመመረቂያ ጽሑፍ አንብቦ አስተያየት ለመስጠት የሚፈጀው ጊዜ ከሃምሳ ዓመት በፊት ከነበረው ብዙም አልተለየም። የዚህ ትንታኔ ዋና ቁም ነገር ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ ኅብረተሰቡ በሌላው ዘርፍ ምርታማነቱ ስለጨመረ ይህንን ወጪ ለመሸከም የሚያስችል አቅም አለው የሚል ነው። የወጪ መጨመር በራሱ የብክነት ማስረጃ አይደለም። በእርግጥ ብክነትም አለ፤ የአስተዳደር መደቦች ከማስተማሪያ መደቦች በላይ ሲበዙ ይታያል። ስለዚህ ማኅበሩ በጀት ሲጠይቅ የሂሳብ መዝገቡ ለሠራተኛ ተወካዮች ግልጽ እንዲሆን ጭምር ቢጠይቅ ጥያቄው የበለጠ ይታመናል።

የተማሪ ክፍያ ጉዳይ ብዙ ስሜት የሚነሣበት ነው። መርሑ ግልጽ ነው፤ በ1966 የጸደቀው የኢኮኖሚ፣ የማኅበራዊና የባህል መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን በ13ኛው አንቀጽ ከፍተኛ ትምህርት በችሎታ ላይ ተመሥርቶ ለሁሉም በእኩልነት ተደራሽ እንዲሆን፣ ለዚህም በተለይ ደረጃ በደረጃ ነፃ ትምህርትን በማስተዋወቅ እንዲሠራ ፈራሚ አገሮችን ያስገድዳል። ተግባሩ ግን በየአቅጣጫው ሄዷል። አውስትራሊያ በ1989 ተማሪው ገቢው የተወሰነ መጠን ላይ ሲደርስ በግብር በኩል የሚከፍለውን ሥርዓት ጀመረች። እንግሊዝ በ1998 በዓመት እስከ 1,000 ፓውንድ አስከፈለች፤ በ2006 ጣሪያው 3,000፣ በ2012 ደግሞ 9,000 ፓውንድ ደረሰ። በጀርመን በርካታ ክፍለ ግዛቶች ከ2006 ጀምሮ የጣሉትን ክፍያ እስከ 2014 ሁሉም ጨርሰው አነሡት። ቺሊ በ2011 ከተነሣው ከፍተኛ የተማሪዎች ንቅናቄ በኋላ ከ2016 ጀምሮ ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው ቤተሰቦች ለሚመጡ ተማሪዎች ነፃ አደረገች። ፊሊፒንስ በ2017 ባወጣችው ሕግ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርት ክፍያን አስቀረች።

የማኅበሩን አቋም ስትቀርጹ ከእነዚህ ሁለቱን በጥሞና እዩ። በእንግሊዝ የ2012ቱ ክፍያ ሲመጣ መንግሥት ለማስተማር በቀጥታ ይሰጥ የነበረውን ድጎማ አብዛኛውን አንሥቶ ነበር፤ ማለትም ክፍያው በድጎማው ላይ አልተጨመረም፤ ተካው። ከዚያም ጣሪያው በ2017 9,250 ፓውንድ ደርሶ እስከ 2025 ሳይነቃነቅ ቆየ፤ የዋጋ ንረት በላው፤ ተቋማቱ ጉድለቱን ከፍ ያለ ክፍያ በሚከፍሉ የውጭ አገር ተማሪዎች መሙላት ጀመሩ፤ የእነዚህ ተማሪዎች ቁጥር ሲቀንስ ደግሞ የሠራተኛ ቅነሳ ተከተለ። ክፍያ የተረጋጋ ገቢ ያመጣል የሚለው ተስፋ እንደዚያ ተቋጨ። ቺሊ በተቃራኒው ክፍያውን ስታነሣ መንግሥት ለተቋማቱ የሚተካው ራሱ በወሰነው ተመን ስለነበር፣ ተመኑና ትክክለኛው ወጪ ያልተገናኙላቸው ተቋማት ጉድለት ገጠማቸው። የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ ማኅበሩ ነፃ ትምህርትን ይደግፍ፤ ነገር ግን «ክፍያ ይቅር» ከሚለው ጋር በዚያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ «የሚቀረው ገቢ በመደበኛ በጀት በሙሉ ይተካ፤ መተኪያውም ከዋጋ ለውጥ ጋር ይስተካከል» የሚለውን ያስገባ። ሁለተኛው ግማሽ ከተዘነጋ ነፃ ትምህርት በኮንትራት መምህራን ጉልበት የሚሸፈን ይሆናል። የተማሪዎች ኅብረትም ይህንን አጻጻፍ ለመቀበል አይቸገርም፤ የተጨናነቀ ክፍልና አማካሪ የሌለው ተመራቂ የእነርሱም ችግር ነውና።

ወደ አካዳሚክ ነፃነት ስንመጣ በአብዛኛው ረቂቅ ውስጥ የሚገኘውን አንድ መደባለቅ ማረም ያስፈልጋል። የተቋሙ ራስ ገዝነት እና የመምህሩ ነፃነት አንድ አይደሉም። ራስ ገዝነት ተቋሙን ከመንግሥት ጣልቃ ገብነት ይጠብቃል፤ ነገር ግን ለቦርዱና ለፕሬዚዳንቱ የተሰጠ ሥልጣን በመምህሩ ላይም ሊውል ይችላል፤ የመቅጠርና የማሰናበት ሥልጣን ከሚኒስቴር ወደ ዩኒቨርሲቲ አመራር ሲዛወር ውሉን የማያድሰው ሰው ተለወጠ እንጂ የሥጋቱ ምንጭ አልደረቀም። የዩኔስኮው ሰነድ በ27ኛው አንቀጽ መምህራን የማስተማርና የመወያየት፣ የመመራመርና ውጤቱን የማሳተም፣ እንዲሁም ስለሚሠሩበት ተቋም በነፃነት አስተያየት የመስጠት መብት እንዳላቸው ይዘረዝራል፤ በ31ኛው ደግሞ በተቋሙ የአካዳሚክ አካላት ውስጥ አብዛኛውን ተወካይ የመምረጥ መብታቸውን ያስቀምጣል። ራስ ገዝነት ሲጠየቅ እነዚህ ሁለቱ አብረው ካልተጠየቁ ማኅበሩ ለአሠሪው ሥልጣን ጠይቆለት ይቀራል።

ይህንን መብት የት ማስፈር ይሻላል? በካናዳ የአካዳሚክ ነፃነት ዋና መከላከያ የተገኘው በየዩኒቨርሲቲው በተፈረሙ የኅብረት ስምምነቶች ውስጥ ነው፤ ጥሰት ሲፈጸም ማኅበሩ ቅሬታ አቅርቦ ጉዳዩን ገለልተኛ የግልግል ዳኛ ይወስነዋል። በሕገ መንግሥት የተጻፈ ከፍ ያለ ቃል ያለ አቤቱታ መንገድ ከሚቀር፣ በስምምነት ውስጥ የተጻፈ አጭር አንቀጽ ከነአቤቱታ ሥርዓቱ ይሻላል። ነገር ግን አንድ ወጥመድ አለ። በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1980 በየሺቫ ዩኒቨርሲቲ ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ፣ የዚያ የግል ዩኒቨርሲቲ መምህራን በትምህርት ጉዳዮች ላይ ያላቸው ሥልጣን ሰፊ ስለሆነ እንደ ሥራ አመራር አባላት ይቆጠራሉ፤ ስለዚህ የኅብረት ድርድር ሕጉ አይጠብቃቸውም ተባለ። ውሳኔው የመንግሥት ተቋማትን አይመለከትም፤ ክርክሩ ግን በየትኛውም ቦታ ሊነሣ ይችላል። ስለዚህ በሴኔት ውስጥ ሰፊ ድምፅ የምትጠይቁበት አንቀጽ፣ ይህ ተሳትፎ የሠራተኛነት መብትን እንደማይቀንስ በግልጽ መናገር አለበት።

የቀሩትን ባጭሩ። የኦንላይን ትምህርትን በተመለከተ ማስቀደም ያለባችሁ የተቀረፀ ትምህርት ባለቤትነትን ነው፤ መምህሩ ከሥራ ከለቀቀ በኋላ ወይም በሥራ ማቆም ወቅት ቅጂው ያለ ፈቃዱ እንዳይሠራበት የሚል አንድ አንቀጽ ይበቃል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ለእርማትና ለምዘና ሲውል የመጨረሻው ውሳኔ የመምህሩ እንዲሆን የሚለውም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ጡረታ ራሱን የቻለ ትልቅ ጉዳይ ነው። በብሪታንያ በ2018 በዩኒቨርሲቲዎች የጡረታ ፈንድ ላይ የተነሣው ውዝግብ ሰፊ የሥራ ማቆም አስከትሎ፣ የፈንዱን የሂሳብ ግምት የሚመረምር የጋራ የባለሙያዎች ቡድን እንዲቋቋም አድርጓል፤ በ2022 የተቀነሰው ጥቅምም በ2024 ተመልሷል። ክርክሩ ወደ ሠራተኞቹ ያዘነበለው ማኅበራቸው የፈንዱን ስሌት የሚፈትሽ የራሱ ባለሙያ በማሰለፉ ጭምር ነው። የጡረታ ጥያቄ ካላችሁ ቀመሩን የሚያነብ ሰው ሳትይዙ ሰነዱ ውስጥ አታስገቡት።

ደመወዝ ይቅደም ለሚሉት አባላት ምን እንደሚመለስ ሳልናገር አላልፍም። በ2022 መገባደጃ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ወደ 48,000 የሚጠጉ ረዳት አስተማሪዎች፣ የምርምር ረዳቶችና የድኅረ ዶክትሬት ተመራማሪዎች ሥራ አቁመው ከፍተኛ የክፍያ ጭማሪ አግኝተዋል። እንዲህ ያለው ውጤት ሊገኝ የቻለው ከሁሉ ዝቅተኛ ዋስትና ያላቸው ሠራተኞች በጅምላ ተደራጅተው ስለነበር ነው። ቋሚው መምህር ብቻውን የሚደራደርበት ማኅበር፣ ግማሹ ሥራ በኮንትራት በሚሠራበት ተቋም ውስጥ፣ የደመወዝ ጥያቄውን የሚያስከብርበት አቅም የለውም፤ አሠሪው ያለ እርሱ ማስተማር መቀጠል ይችላልና። ለአባላቱ ሲገለጽ በዚህ መልክ ቢሆን መልካም ነው፤ የሥራ ዋስትና የደመወዙ ተቀናቃኝ አይደለም፤ ደመወዙ የሚገኝበት መንገድ ነው።

ስለ አጻጻፉ ለጠየቁት፣ ሰነዱ ከአሥር ገጽ ባይበልጥና እያንዳንዱ ጥያቄ ወሳኙን አካል በስም ቢጠራ፣ የሚጠይቀውን ወጪ በግምትም ቢሆን ቢያስቀምጥ ጥሩ ነው። ከመጻፋችሁ በፊት ግን በገዛ ተቋማችሁ ስንት ኮርስ በማን እንደሚሰጥ ቁጠሩ፤ በየትምህርት ክፍሉ ያለው የአባላት ተወካይ የሴሚስተሩን የኮርስ ድልድል ይዞ በቋሚ፣ በኮንትራትና በትርፍ ሰዓት የተሸፈነውን ይለይ። ይህ ቆጠራ በአመራሩ እጅ እንኳ ተሟልቶ የማይገኝበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ቁጥሩን ይዞ የሚመጣ ማኅበርም ውይይቱን የሚመራው እርሱ ይሆናል። ጊዜውንም አስቡበት። የበጀት ጣሪያ ለመሥሪያ ቤቶች ከተላከ በኋላ የሚደርስ ሰነድ፣ ይዘቱ ምንም ያህል ቢያምር፣ የሚነበበው በሚቀጥለው ዓመት ነው፤ ስለዚህ የበጀት ዝግጅቱ የጊዜ ሰሌዳ መቼ እንደሚጀምር ጠይቃችሁ ቢያንስ ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብላችሁ አስገቡ፤ ለሕግ አውጪው የትምህርት ቋሚ ኮሚቴም በዚያው ሳምንት ቅጂውን አድርሱ።